በደብረ ብርሃን ውርጭ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ምን ይልበስ? ባና፣ ጋቢ ወይስ የውጭ ጃኬት

መነሻ ጽሑፍ

ከጥቅምት እስከ ጥር በደብረ ብርሃን ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ልብሱ ያስጨንቀዋል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ባለ ሜዳ ተዘርግታለች። ሰማዩ ጥርት ብሎ ባደረ ሌሊት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይነጋል፤ ነፋሱን የሚገታውም ነገር የለም። በኢንተርኔት መድረክ ላይ ጥያቄ ሳወጣ ስለ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ አልጠየቅሁም፤ ለዝናብ የፕላስቲክ ካፖርት ይበቃል። ያስቸገረኝ ደረቁ ብርድ ነው፦ ዳገቱን ሲወጡ ያልብዎታል፣ ቁልቁል ሲወርዱ ያው ላብ ደረትዎ ላይ ይቀዘቅዛል።

ለብስክሌት ተብለው የተሠሩ የውጭ ጃኬቶች አዲስ አበባ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። እኔ መምህር ነኝ፤ ዋጋቸውን ጠይቄ በትሕትና ወጣሁ። ስለዚህ ጥያቄዬን በአንድ አቋም ጀመርሁ። የሰሜን ሸዋ ደጋ ሰው ለዚህ ብርድ መላ ካበጀ ዘመናት አልፈዋል፤ መላውም የበግ ጸጉር ነው። በርኖሱም፣ ባና የሚባለው ወፍራም የሱፍ ልብስም የተሠሩት ለእንዲህ ያለ ንጋት ነው። እኛ ግን የባህል ልብስ ሲባል ፊታችን የሚመጣው ነጭ ጥጥ ብቻ ሆኗል፤ ጥጥ ደግሞ የቆላ ተክል ነው። ባናን ወይም ሌላ የአገር ውስጥ ሱፍ ብስክሌት ላይ የሞከረ አለን? እንዴት ተቆረጠ? እንዴት ታሰረ? እጅና እግርስ ምን ይሁኑ?

መልሱ በርከት ብሎ መጣ። በየቁጥሩ እየጠራሁ አወጋችኋለሁ፤ አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ፣ ሁለት ሦስቱን ደግሞ ለጸሐፊዎቹ ክብር ስል ዘልያቸዋለሁ።

መልስ 1

ከአዲስ አበባ፣ ከጉለሌ በኩል የጻፉ አዛውንት ናቸው። ከሰላምታና ከምርቃት በኋላ ጋቢን አስቀደሙ። ጋቢ አራት ድርብ በመሆኑ በድርቦቹ መካከል አየር ይይዛል፤ የሚያሞቀውም ያ የተያዘ አየር ነው አሉ። ኩታ ሁለት ድርብ ነው፣ ነጠላ ከዚያም ይሳሳል፣ ቡልኮ ደግሞ ለብስክሌት ይከብዳል። በየቤቱ አንድ አሮጌ ጋቢ ስለማይጠፋ ወጪም የለውም፤ እርሳቸውም በወጣትነታቸው ጋቢያቸውን ተጎናጽፈው ሥራ ቦታቸው ድረስ በብስክሌት ይመላለሱ እንደነበር ተረኩ።

መልስ 2

አንድ የባሕር ዳር ሰው ገብቶ፣ እነርሱ ዘንድ ከሸሚዝ በላይ የሚለብስ ብስክሌተኛ መታመሙ ይጠየቃል ብሎ ቀለደ። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለውን ጠቅሶ፣ ልብሱን ትተን ሥጋ እንድንበላ መከረን። ከዚህ በኋላ በየመካከሉ እየገባ ሐይቅ ዳር ስላለው ሙቀት ይነግረናል፤ ሁለተኛ አላነሣውም።

መልስ 3

መልሱን የጻፈው መቀሌ ውስጥ ብስክሌት የሚጠግን ሰው ነው። አዛውንቱን አባቴ ብሎ ጠርቶ ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ አልራራም። የጋቢ ጫፍ ከካቴናና ከኋላ ጎማ ሽቦዎች መካከል በምላጭ ቆርጦ ማውጣት የሥራው አንድ ክፍል እንደሆነ ጻፈ። ጫፉ የሚገባው ሰው በዝግታ ሲሄድ ሳይሆን ቁልቁለት ላይ ነፋስ ሲያነሣው ነው፤ በዚያ ፍጥነት ጎማው ድንገት ሲያዝ ነጂው በመሪው ላይ ተሻግሮ ይወድቃል። በእርሱ እምነት ከጉልበት በታች የሚንጠለጠል ማንኛውም ጨርቅ ብስክሌት ላይ መውጣት የለበትም።

መልስ 4

አዛውንቱ ተመለሱ፤ ተቆጥተዋል፣ ግን በጨዋ ደንብ። እርሳቸው ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው ተከናንቦ መንዳት አላሉም። ገበሬ ሲያርስ፣ ፈረሰኛ ሲጋልብ ልብሱን መስቀለኛ አጣፍቶ ወገቡ ላይ ያስረዋል፤ ሁለቱም እጆቹ ነጻ ናቸው፣ የሚንጠለጠል ጫፍም የለም። ጋቢውን ለሁለት ቀዶ በግማሹ ማጣፋት፣ ከላዩ መቀነት መጠምጠም ነው ምክራቸው። መቀነቱ ወገብና ኩላሊት አካባቢን እንደሚያሞቅም አከሉ። በእኔ ግምት ከጋቢው ይልቅ ይህ የመቀነት ሐሳብ ይበልጣል፤ ብስክሌት ላይ ሰው ጎንበስ ሲል መጀመሪያ የሚራቆተው ወገቡ ነውና።

መልስ 5

አንድ የፊዚክስ መምህር ቁጥር ይዞ መጣ። የአየሩ ሙቀት 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ንጋት ነፋስ ባይኖርም፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው ራሱ ነፋስ ይፈጥራል፤ ፊቱ የሚሰማው ብርድ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ፍጥነቱ 40 ሲደርስ ከዜሮ በታች ይሆናል። በእጅ የተፈተለና ላላ ብሎ የተሸመነ ጋቢ ደግሞ ነፋስ ያሳልፋል። ቤት ውስጥ የሚያሞቀው አየር ብስክሌት ላይ በነፋስ ተጠርጎ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ ክርክሩ ጥጥ ወይስ ሱፍ ከመሆኑ በፊት ደረት ላይ ነፋስ የሚያቆም ነገር አለ ወይስ የለም የሚል መሆን እንዳለበት አሳሰበ። ጥጥ ላብ ጠጥቶ ሲርስ ሙቀት የመያዝ አቅሙን እንደሚያጣ፣ ሱፍ ግን ከክብደቱ ሲሶ የሚሆን እርጥበት መጥጦም ቆዳ ላይ እርጥብ እንደማይመስል አስረዳ። ይኸኛውን ክፍል ስወደው ጊዜ አልፈጀብኝም፤ አቋሜን ይደግፋል።

መልስ 6

ስቶክሆልም ውስጥ በብስክሌት ምግብ የሚያደርስ ወገናችን ከሥራ መልስ ሌሊት ጻፈልን። የእርሱ ብርድ ከእኛው ጋር አይወዳደርም፤ በረዶ ላይ እንዳይንሸራተት ጎማው ላይ ትንንሽ የብረት ጥርስ አለው። አለባበሱን ግን በሦስት ደርብ ከፍሎ ነገረን፦ ቆዳ ላይ ላብ የማይዝ ስስ ነገር፣ መካከል ላይ ሱፍ፣ ከላይ ነፋስ የሚያቆም ስስ ጃኬት። ከቤት ሲወጣ ትንሽ ሊበርደው ይገባል፤ ገና በር ላይ የሞቀው ሰው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በላብ ይዘፈቃል። ስዊድናውያን የሥራ ባልደረቦቹም የአያቶቻቸውን የሱፍ ሹራብ አውጥተው ይለብሳሉ፤ የሚያፍርበት የለም አለን።

መልስ 7

አጭር ናት፣ ግን ብዙ ብር አትርፋልናለች። ጸሐፊዋ ለቆዳ የሚሆነው ስስ ነገር ከየት ይመጣል ብለን እንዳንጨነቅ የእግር ኳስ ማሊያ አስታወሰችን። ፖሊስተር ነው፣ ላብ አይዝም፣ ቶሎ ይደርቃል፣ በየገበያው ርካሽ ነው። የየትኛው ቡድን ማሊያ ይበልጥ ያሞቃል የሚል ውዝግብ ከሥሯ ተነሣ፤ በመድረኩ ደንብ ያ ለሌላ ክር፣ ማለትም ለሌላ የውይይት ሰንሰለት፣ ተላልፏል።

መልስ 8

ስጠብቀው የነበረው ሰው ይህ ነው። የመንዝ ተወላጅ ነው፣ ደብረ ብርሃን ይኖራል፣ ባና ለብሶ ብስክሌት ይነዳል። መጀመሪያ በርኖስና ባናን በአንድ ትንፋሽ መጥራቴን አልወደደውም። በርኖስ ጥቁር ካባ ነው፤ በአንድ ትከሻው ላይ ጫፍ የምታወጣ፣ ሹማምንትና ባለጸጎች ለክብር የሚደርቡት። ባና ግን ወፍራም ደበሎ መሳይ ድርብ ልብስ ነው፤ ሰው ቀን ይለብሰዋል፣ ሌሊት ይከናነበዋል። ለብስክሌት በርኖስ አይሆንም፤ ሰፊው ዘርፉ ነፋስ ሞልቶ ወደ ኋላ ይጎትታል።

ቀጥሎ ስለ ጸጉሩ እውነቱን ተናገረ። የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ነው። ራቁት ቆዳ ላይ የለበሰው ሰው ሲያክክ ይውላል፤ የድሮ ሰዎችም ከሥሩ እጀ ጠባብ ያደርጉ ነበር። እርሱ አያቱ የተዉትን አሮጌ ባና ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ሰደርያ አሠርቶበታል። ደረቱ ሁለት ድርብ ነው፣ ጀርባው ነጠላ፣ ምክንያቱም ነፋሱን የሚቀበለው ደረት ሲሆን ላቡ የሚወጣው ደግሞ በጀርባ ነው። ከኋላ በኩል ዝቅ ብሎ ወገብን እንዲሸፍን ተደርጓል። እጅጌ የለውም፤ የባና እጅጌ ክንድ አላጥፍ ይላል። ኮሌታም የለውም፤ አንገት ላይ ሻርፕ ይጠመጥማል። ባና ሲቆረጥ ክሩ ስለሚተረተር ዙሪያውን በጥጥ ጥብጣብ አስለብጦታል። ጉድለቱንም አልደበቀም፦ ይከብዳል፣ ሲርስ ደግሞ የበግ ጋጣ ይሸታል። ትምህርት ቤት፣ ቢሮ ወይም ባንክ የሚሄድ ሰው ደርሶ የሚያወልቅበት ቦታ ያስፈልገዋል።

ከማሊያው በላይ ሰደርያውን፣ ከዚያ በላይ አሮጌ የዝናብ ጃኬት ቢያደርጉ የስዊድኑ ሰው ሦስት ደርብ ተሟላ። ጠቅላላ ወጪው የልብስ ሰፊው እጅ ዋጋ ብቻ ሆነ። እኔ እዚህ ላይ ክሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

መልስ 9

አንዱ አያቱ ባና ያልተዉለት ሰው ምን ያድርግ ብሎ ጠየቀ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የተከተለው ጠብ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

መልስ 10፣ 11 እና 12

የመርካቶ ደንበኛ የሆነ ሰው በ10 ቁጥር ሳልባጅ ገበያን ጠቆመ። ከውጭ የሚመጣው ልባሽ ውስጥ ንጹሕ የሱፍ ሹራብ ሞልቷል፤ ሻጩ ሱፍ ከናይለን ስለማይለይ ሁለቱንም በአንድ ዋጋ ይሰጣል። መለያውን እንዲህ አስተማረን፦ ከውስጥ ስፌቱ አንዲት ክር መዝዞ በክብሪት መለኮስ። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይደቅቃል። ሰው ሠራሹ ይቀልጥና ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ልብሱን ከመግዛት በፊት ማቃጠል እንደማይፈቀድ ግን ለማስጠንቀቅ ዘግይቷል፤ አንድ አንባቢ ሞክሮ ተባርሯል።

በ11 ቁጥር አንድ ሰው ልባሽ ጨርቅ በኮንትሮባንድ እየገባ የአገሩን ሸማኔ ጉሮሮ የዘጋ ነገር ነው፣ ባህላዊ ልብስ ፍለጋ በተጀመረ ክር ላይ እንዴት ይመከራል ሲል ተቆጣ። በ12 ቁጥር የመጣው ምላሽ ከእርሱም የባሰ ነበር። ልጆቿን የምታሳድግ እናት ናት፤ ቁጣው ሙሉ ልብስ ሳጥን ውስጥ ካለው ሰው ለመምጣቱ ምልክት አለው አለች። እኔ በመካከል ገብቼ ሁለቱንም ለዘብ እንዲሉ ጠይቄያለሁ። በልቤ ለእናትየዋ አደላሁ።

ስለ ዋጋም ብዙ ተባለ። የጻፉትን ቁጥሮች አላሰፈርኋቸውም፤ የሹራብ ዋጋ ይህ ጽሑፍ እስኪነበብ ድረስ ባለበት አይቆይም።

መልስ 13

ሽሮ ሜዳ ከሸማኔ ቤተሰብ የተወለደ ወጣት ነው፤ ከክሩ ሁሉ ያነበብሁት ምርጥ መልስ የእርሱ ነው። ጥጥን ለመከላከል ነበር የመጣው፤ ጥጥ ሲደርቅ ምቹ ነው፣ ይታጠባል፣ አያሳክክም፣ ምሽት ላይ በደረቅ አየር በዝግታ ለሚነዳ ሰው እጀ ጠባብና ግማሽ ጋቢ ይበቁታል አለ። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለውም። ቀጥሎ ግን የእንጦጦን መንገድ አነሣ። ብስክሌተኞች እንጦጦ ወጥተው ሲወርዱ እያንቀጠቀጣቸው የሚያልፉት በሽሮ ሜዳ ሱቆች ፊት ነው፤ አንድም ሱቅ ለእነርሱ የሚሆን ነገር አይሰቅልም። የተሰቀለው ለሠርግና ለበዓል ነው።

ሸማኔው ሱፍ መሸመን ይችላል፣ የሽመና ዕቃውም ያው ነው፤ የጠፋው ፈትሉ ነው አለን። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ በአብዛኛው ጥጥ ክር ገዝቶ ይሠራል። የበግ ጸጉር የሚፈትሉት እጆች ያሉት መንዝና አካባቢው ነው፣ የሚፈትሉትም ሴቶች ናቸው፣ ለፈትላቸው የሚከፈላቸው ደግሞ ድካማቸውን አይመጥንም። ስለዚህ ብዙ አርቢ የሸለተውን ጸጉር መጣል ይቀለዋል። አንድ ሰው ሱፍ ፈትሉን ሰብስቦ ቢያመጣለት እርሱ ስስ የሱፍ ኩታ ሸምኖ በብስክሌት ልክ ሊያሰፋው ዝግጁ ነው። እኔ የባና ፍቅሬን በጽሑፍ ስገልጽ ስለ ፈታዮቹ አንድ ቃል ያነሣ ሰው እስከዚህ ቁጥር ድረስ አልነበረም።

መልስ 14 እና 15

ዋሽንግተን የሚኖር ሰው ወደ መልካሙ ወሬያችን ድንጋይ ወረወረ። ማሊያና የዝናብ ጃኬት ደርቦ ባህላዊ ልብስ ለብሻለሁ የሚል ሰው ማንነቱን ያፈረበት ነው፤ አባቶቻችን ዓድዋ የዘመቱት በጋቢ ነው፣ ብርዱን ያልቻለ ትውልድ ምን ይችላል የሚል ረጅም ቁጣ ነው። አንድ የደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሠራተኛ በ15 ቁጥር መለሰለት። ለሌሊት ፈረቃ በብስክሌት የሚወጣ ሰው ፍሬን መያዝ ያቃተው ጣት እንጂ ያፈረ ማንነት እንደሌለው፣ ጸሐፊው ግን ይህን ምክር የጻፈው ማሞቂያ ከበራበት ክፍል መሆኑን እንደሚጠረጥር ገለጸ። ቀጥሎም ዓድዋ የካቲት ላይ መሆኑን አስታወሰው። የዋሽንግተኑ ሰው ሁለተኛ አልጻፈም።

መልስ 16

የቀድሞ ተወዳዳሪ ነው፣ አሁን ወጣቶች ያሠለጥናል። ጋዜጣን አስተዋወቀን። በአውሮፓ ትልልቅ ውድድሮች ተራራ ጫፍ ላይ ብስክሌተኞች ከተመልካች ጋዜጣ ተቀብለው ማሊያቸው ሥር ደረታቸው ላይ አድርገው ይወርዱ ነበር። ጋዜጣው ነፋስ ያቆማል፣ ላብ ይመጥጣል፣ ሜዳ ሲደረስ ይጣላል። የዚያን ዘመን ማሊያ ደግሞ ሱፍ ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1919 የተጀመረው፣ የቱር ደ ፍራንስ ውድድር መሪ የሚለብሰው ቢጫ ማሊያም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የተሠራው በሱፍ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሰው ሠራሽ ክር የሚሸጥ ድርጅት ስፖንሰር ሆኖ ክሩን ማሊያው ውስጥ ሲያስገባ፣ ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ ሉዊዞን ቦቤ ንጹሕ ሱፍ ካልሆነ አልለብስም ብሎ አሻፈረኝ አለ። ጸሐፊው ይህን የነገረን ሱፍ ያረጀበት የገበሬ ልብስ ነው ለሚሉት ነው። በጣም ደስ አለኝ።

መልስ 17፣ 18 እና 19

እዚህ ላይ ክሩ ሸሸ። አንዱ ሁሉም በስልክ በሚያነብበት ዘመን ጋዜጣ ከየት ይመጣል አለ። ሌላው ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም እንደነበሯት አነሣ፤ እነርሱስ ምን ለብሰው ተለማመዱ ብሎ ጠየቀ፣ የመለሰለት የለም። ሦስተኛው ጽጋቡ ግርማይን ጠራ፤ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እርሱ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ብስክሌት ፌዴሬሽን፣ ስለ ቀረጥ፣ ስለ መንገድ ብልሽት የመጣውን ሁሉ አልፌዋለሁ። ስለ ልብስ የተባለ ነገር አልነበረበትም።

መልስ 20

አንዲት ነርስ ወደ ጉዳዩ መለሰችን፤ አመላለሷ ግን ለስላሳ አልነበረም። እስከ 19 ድረስ ስለ ሰደርያ፣ ስለ ማሊያ፣ ስለ ሱሪ ተወራ፤ ሴት ምን ትልበስ ብሎ የጠየቀ ማንም የለም አለች። እርሷ በቀሚስ ነው የምትነዳው። ሱሪ መልበስ እንደምትችል ታውቃለች፤ ምክሩን አስቀድማ ከለከለችን። የሚበርዳት ጭኗና ጉልበቷ ነው፣ የሚያስፈራት የቀሚሷ ጫፍ ነው። ከሥር ወፍራም የሱፍ ጠባብ ሱሪ ታደርጋለች፤ በነጠላ ፈንታ ሻሽ ታስራለች፣ ምክንያቱም ሻሹ ጆሮዋን ይሸፍናል፣ ከራስ ቁሩ ሥርም ይገባል። የቀረው ጫፉ ነው።

መልስ 21

ኔዘርላንድስ የምትኖር እህታችን መፍትሔ ይዛ መጣች። እዚያ አገር ሴቱም ወንዱም በረጅም ካፖርትና በቀሚስ ይነዳል፤ የኋላ ጎማው ላይኛ ግማሽ በሁለቱም ጎን በጨርቅ ወይም በመረብ ይሸፈናል፣ ካቴናውም ሙሉ ሽፋን አለው። መረቡን እቤት መሥራት ይቻላል፦ ከጭቃ መከላከያው ጠርዝ እስከ ጎማው መካከል ድረስ ጠንካራ ሲባጎ እያመላለሱ መወጠር ነው። የመቀሌው መካኒክ ተመልሶ ጭቃ መከላከያው ላይ ትንንሽ ቀዳዳ መበሳት እንደሚያስፈልግ፣ ሲባጎው ካልተወጠረ ግን ራሱ ጎማ ውስጥ እንደሚገባ አከለ። ከዚያም አዛውንቱን በስም ሳይጠራ፣ እንዲህ የተሸፈነ ብስክሌት ላይ ጋቢም ቢለበስ እርሱ ተቃውሞ እንደሌለው ጻፈ። አዛውንቱ መረቁት።

መልስ 22 እና 23

ስለ እጅና እግር ነው፤ የሁሉም ቅሬታ እዚያ ላይ ተገናኘ። የሱፍ ጓንት ነፋስ ስለሚያሳልፍ ብቻውን አይበቃም። የስቶክሆልሙ ሰው ከሱፍ ጓንቱ በላይ ሰፋ ያለ የዕቃ ማጠቢያ የጎማ ጓንት ያጠልቃል፤ ቀለሙ ደማቅ ቢጫ በመሆኑ እጁን ዘርግቶ መታጠፊያ ሲያሳይ ሾፌሮች ያዩታል። መልኩን ለሚያስብ ሰው አይሆንም።

ለእግር አንዱ ከካልሲው በላይ ፌስታል አድርጎ ጫማ መልበስን መከረ። ወዲያው ሌላው ፌስታል በአዋጅ መከልከሉን አሳሰበ፤ ክርክሩም እቤት ያለ አሮጌ ፌስታል ደግሞ መጠቀም ጥፋት ነው ወይስ አይደለም ወደሚል ሄደ። የፋብሪካው ሠራተኛ ከማዳበሪያ ጆንያ የጫማ አፍንጫ ሽፋን ቆርጦ በላስቲክ ያስረዋል፤ ነፋሱ የሚገባው በጣቶቹ በኩል ስለሆነ ሙሉ እግርን መሸፈን እንደማያስፈልግ አስረዳ። አዛውንቱ ደግሞ ጋምባሌ ትዝ አላቸው። ወታደርና ፈረሰኛ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ያስረው የነበረው ያ ቆዳ ባትን ያሞቃል፣ ሱሪውንም ከካቴና ያርቃል። ተነፋነፍ ሱሪም እንዲሁ ነው ብለዋል፤ ከጭኑ ሰፊ፣ ከባቱ ጠባብ። የድሮ ፈረሰኛ ልብስ ለብስክሌት የቀረበ መሆኑን ሳነብ ከመነሻ ጽሑፌ ስለ ቀረ ተናደድሁ።

መልስ 24

ቅዳሜና እሑድ ረጅም መንገድ የሚነዳ ወጣት ስለ ጣርማ በር ጻፈ። መተላለፊያው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጉሙ ንጋት ላይ መንገዱን ይደብቀዋል፤ ከዚያ በደብረ ሲና በኩል እስከ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይደርሳል። በየ1,000 ሜትሩ ከ6 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይጨምራል። ከላይ ጣቱ የደነዘዘ ሰው ከታች ላቡን ይጠርጋል፤ ፔዳል ሳይመታ ስለሚወርድም ሰውነቱ ራሱን አያሞቅም። ባናው ለጫፉ ጥሩ ነበር፤ ደብረ ሲና ሲደርስ ግን የሚያስቀምጥበት አጣ፣ ኮርቻው ላይ አጥፎ ተቀመጠበት። ለእንዲህ ያለ መንገድ ስስ ሹራብና ጋዜጣ እንደሚሻሉ ፈረደ። እኔም እቀበለዋለሁ። ባና ለከተማ ንጋት ነው፣ ለአጭር መንገድ።

መልስ 25

አንዱ ገብቶ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፣ መኪና ግዙ አለ። ቁጥሩ እንዳይጎድል ብዬ ጠቀስሁት።

መልስ 26

ባናውን ሰደርያ ያደረገው ልብስ ሰፊ ራሱ በደንበኛው ስልክ ጻፈ። አሮጌ ባና ሲመረጥ በፀሐይ ላይ ዘርግቶ ብል የበላው ቦታ እንዲታይ፣ ከመቆረጡ በፊት በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ በጥላ እንዲደርቅ አዘዘ። በሙቅ ውኃ የታጠበ ሱፍ ይኮማተራል፤ ሰፍቶ ከሰጠው በኋላ ለልጅ የበቃ ሰደርያ ይዞ የተመለሰ ደንበኛ አለው። ገበር በጀርባ በኩል አያደርግም፣ ላቡ እንዲወጣ። ደረቱ ላይ ግን በሁለቱ ድርቦች መካከል ስስ የጃንጥላ ጨርቅ ያስገባል፤ ጋዜጣ መፈለግ ቀረ ማለት ነው። ቁልፉን በጎን በኩል ያደርገዋል፣ ምክንያቱም ፊት ለፊት ያለ ቁልፍ በየክፍተቱ ነፋስ ያስገባል፣ ሰው ጎንበስ ሲልም ሆድ ይወጋል።

መልስ 27

የሽሮ ሜዳው ወጣት፣ ልብስ ሰፊው ከአዲስ አበባ በልክ ትእዛዝ ይቀበል እንደሆነ ጠየቀ፤ ለራሱ አንድ ይፈልጋል፣ አሠራሩንም ማየት ይፈልጋል። ሱፍ ፈትል የሚያቀርቡ ሴቶች ካሉ ከመንዙ ሰው ጋር እንዲያገናኙትም ለመነ። የመንዙ ሰው እናቱንና ጎረቤቶቿን እንደሚጠይቅ፣ ዋጋውን ግን እነርሱ እንጂ እርሱ እንደማይቆርጥ መለሰ።

መልስ 28

ልብስ ሰፊው እቀበላለሁ አለ፣ በአንድ ውል። ቆሞ የተለካ ልክ አይቀበልም። ደንበኛው ብስክሌቱ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ ከአንገቱ አጥንት እስከ ኮርቻው በሌላ ሰው ተለክቶ ይላክ፤ በዚያም ላይ አንድ ስንዝር ይጨመርበት።